ፓምፑ ሽማግሌ ፊት ቀረበ

ጭሮ ውስጥ ሽማግሌ ፊት ለመቅረብ ሚስት መበደል፣ ድንበር መግፋት ወይም የሰው ፍየል ከራስ ፍየሎች ጋር ቀላቅሎ ማሳደር ያስፈልጋል። እኔ የቀረብኩት በመኪና መሪ ፓምፕ ነው። ያውም የራሴ ባልሆነ መኪና፤ ሸጬ ከተገላገልኳት ዓመት ሊሞላት ጥቂት በቀራት መኪና።

ሱቄ ከጭሮ ወደ በደሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ናት። ስኳር፣ ፓስታ፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ እንዲሁም ማንም የማይገዛው ነገር ግን ከመደርደሪያ ላይ ማውረድ የማልወደው የመስታወት ብርጭቆ አለኝ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ የከፈታት ናት፤ ከእሱ የወረስኩት ሱቋን፣ የወገብ ሕመሙንና ምላሱን ነው። ግድግዳ የሚጋራኝ ጎረቤቴ የጫት ነጋዴ ነው። እሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን ስንሰደብ ነው ያደግነው። እናቱ እኔን በኦሮምኛ፣ እናቴ እሱን በጉራግኛ። ሁለታችንም ስድቡ እንዳልገባን ሆነን እናልፍ ነበር።

ያቺን ነጭ አሮጌ ፒክአፕ አሥር ዓመት ነድቻታለሁ። ወደ መሰላና ወደ መቻራ ገበያ ሸቀጥ ሳመላልስባት ኖሬ፣ ወገቤ እምቢ ሲለኝ ለጎረቤቴ ሸጥኩለት። ጫቱን ጭኖ በየማለዳው በሱቄ በር ሲያልፍ ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርግልኛል፤ እኔም ከሚዛኔ ላይ ቀና ሳልል እጄን አነሳለሁ። ሰላምታችን ይኸው ነበር። ሁለት ጊዜ ጲጵ ማለት "እንዴት አደርክ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ሚስትህ እስካሁን አልገደለችህም?" ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ወራት በሰላም አለፉ። ከዚያ መኪናዋ ማልቀስ ጀመረች። መጀመሪያ መሪው ጥግ ድረስ ሲዞር ብቻ ነበር የምታቃስተው። በኋላ ዳገት ላይ፣ ቀጥሎም ሜዳ ላይ ጭምር ኡኡታዋ ከሩቅ ይሰማ ጀመር። ለማያውቅ ልንገር፤ የመሪ ፓምፕ በሞተሩ ጉልበት ዘይት እየገፋ መሪውን የሚያቀል ዕቃ ነው። እሱ ከታመመ መሪው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይከብዳል። የጎረቤቴ ፓምፕ ደግሞ ማልቀስ ብቻ አልበቃው ብሎ ይግል ነበር። በደሳ ደርሶ ኮፈኑን ሲከፍት፣ ፓምፑ ላይ ጠብ ያለ ውሃ ቸስ ብሎ ይጠፋል ይላሉ።

ጋራዥ ወሰዳት። የመጀመሪያው መካኒክ ፓምፑን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ላልቷል ብሎ ወጠረው፤ ልቅሶው ቀጠለ። ሁለተኛው፣ በደሳ ያለው፣ ዘይቱ ጎድሏል ብሎ ሞላው፤ ዘይቱ እንደ ሳሙና ውሃ አረፋ ደፈቀ። ሦስተኛው ፓምፑ ሞቷል ብሎ ፈረደና በምትኩ ሌላ ፓምፕ ገባ። ተተኪው ሃያ ቀን ሳይሞላው የሟቹን ልቅሶ ከነዜማው ደገመው።

ነገሩ ከመካኒክ እጅ ወጥቶ ሰፈር አፍ ውስጥ የገባው እዚህ ላይ ነው። ፓምፑ ተቀይሮም ካልተሻላት መኪናዋ የተሸጠችው ከነበሽታዋ ነው፤ ከነበሽታዋ ከተሸጠች ደግሞ ሻጩ ያውቅ ነበር። ማስረጃም ተገኘብኝ። ጎረቤቴ መኪናዋን ሊሞክር የመጣ ዕለት፣ እኔ ሰውዬው ደስ ይበለው ብዬ መንዙማ ከፍቼለት ነበር። ከፍ አድርጌ። የማርያም ማኅበርተኛ ሆኜ ሳለ፣ ለወዳጄ ክብር ብዬ የመንዙማ ካሴት ከሰው ተውሼ! አሁን ያ መንዙማ የፓምፑን ጩኸት ለመሸፈን የተሠራ ተንኮል ሆኖ ተተረጎመ። "እሱ ሰውዬ በነፃ ምን ሰጥቶ ያውቃል?" አለች አሉ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ። ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት ከእሷ አልገዛሁም።

ክላክሱ ቀረ። በየማለዳው መኪናዋ ከታች እያለቀሰች ትመጣለች፣ በሬ ላይ እያለቀሰች ታልፋለች፣ ዳገቱን እያለቀሰች ትወጣለች፤ ጲጵ የሚል የለም። እጄ በልማድ ይነሳና ምክንያት ሲያጣ ጭንቅላቴን ያካል። በዚያ ዓመት የሁዳዴ ጾማችን ከረመዳን ጋር ተገጣጥሞ ነበር። እንደ ድሮው ቢሆን ኖሮ መግሪብ ሲደርስ፣ ሥጋ ባልነካው ዘይት ለብቻው የተጠበሰ የምስር ሳምቡሳ ከግድግዳው ማዶ ይመጣልን ነበር። አንድም ቀን ሳምቡሳ አልመጣም። አዛኑ ሲሰማ ሚስቴ ግድግዳውን ታይና ወደ እኔ ትዞራለች።

"በል እንግዲህ ፓምፕህን ብላ" ትለኛለች።

እኔም እልህ ያዘኝ። አላወቅሁም፤ ባላወቅሁት ነገር ለምን እሽቆጠቆጣለሁ? እሱ ክላክስ ካላደረገልኝ እኔም አልጠራውም። ሁለት ሽበታም ሰዎች አንድ ግድግዳ ተደግፈን፣ አንዱ በወዲህ አንዱ በወዲያ፣ እንደ ሕፃን ተኳረፍን።

ኢድም ፋሲካም አለፉ። አንድ ቀን ጫት ጭኖ ከኩኒ ወደ ታች ሲወርድ መሪው ጠመዝማዛው ላይ ደነደነበት። በሁለት እጁ ተንጠልጥሎ፣ በትከሻው ገፍቶ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ነው ያዞራት። የፊት ጎማዋ የገደሉን ጠርዝ ጠጠር ወደ ታች በትኖ፣ መኪናዋ ጫፉ ላይ ቆመች። ይህን የሰማሁት ከሚስቴ ነው፤ ሚስቴ ደግሞ ከሚስቱ። እነሱ አልተኳረፉም ነበር፤ በእኛ ምክንያት ሐሜት የሚያቆሙ ሴቶች አይደሉም። ከዚያ ቀን በኋላ የዚያች መኪና ድምፅ በበሬ ሲያልፍ ሚዛኔን ትቼ ዳገቱን እስክትወጣ አዳምጥ ጀመር። እልሄ ግን ባለበት ነበር።

ሽማግሌ የጠራው ጎረቤቴ ነው። የላከውም መልእክት አጭር ነበር። "ገንዘቤን መልስ አልልም፤ መኪናዋን ውሰድ አልልም። ሲሸጥልኝ ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም? ይህችን ብቻ ጠይቁልኝ።"

የሽማግሌዎቹ አለቃ ከመሰላ ወዲያ ቡናና ጫት የሚያለሙ፣ የሁለታችንንም አባቶች የሚያውቁ ትልቅ ሰው ናቸው። ስንት የተፋታ አጋብተዋል፣ ስንት ደም አድርቀዋል። መኪና ነድተው ግን አያውቁም፤ ሲሳፈሩም ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሉ አሉ። ሁለት ሌሎች ሽማግሌዎች አብረዋቸው ቢመጡም እነሱ ከጫቱ በቀር ሁሉንም ለአለቃቸው ትተውታል።

የተቀመጥነው በአንድ ጋራዥ ግቢ ግራር ሥር፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው። የግቢው ባለቤት መካኒክ ከቀደሙት ሦስቱ አንዱ ስላልነበረ ገለልተኛ ተብሎ ተመረጠ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ጫት ቀረበ፣ እንካ እንካ እያልን ጀባ ተባባልን። ጎረቤቴ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ቅጠል ይመርጣል፤ አንድ ጊዜም ቀና ብሎ አላየኝም። መኪናዋ ኮፈኗን ከፍታ መሐል ላይ ቆማለች።

ሽማግሌው መጀመሪያ እኔን ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ይህችን መኪና ስትሸጥ በሽታዋን ታውቅ ነበር?"

"አላውቅም አባባ።"

"እጅህስ በዚህ ዕቃዋ ላይ ያደረገው ነገር አለ?"

"ዘይት ከማየት በቀር አልነካሁትም። ማርያምን!"

"እሷን ተዋት፣ ብዙ ሥራ አለባት። እኔ የጠየቅሁት አንተን ነው።"

እንደ ደንቡ ሦስት ጊዜ ደጋግመው ጠየቁኝ። ሦስት ጊዜም እጄ ንጹሕ ነው ብዬ መለስኩ። በሦስተኛው ላይ ምንጣፉን በመዳፌ መታሁ፤ ከልቤ ነበር።

"ሀዬ፣ እሺ" አሉ። "አንዱ በመልእክት፣ አንዱ በአፉ ተናገሩ። ሦስተኛዋም ትናገር። አስነሳት።"

መካኒኩ አስነሳት፣ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ፤ ያ ልቅሶ ግቢውን ሞላው። ሽማግሌው ማኘካቸውን አቁመው እስኪበቃቸው ሰሙ። ከዚያ ተነስተው ሄዱና እጃቸውን ወደ ፓምፑ ሰደዱ።

"አባባ እንዳይነኩት፣ ይፋጃል" አለ መካኒኩ።

"የሰው ግንባር ሳትነካ ታመመ ትላለህ?" ብለው ነኩት። ወዲያው እጃቸውን መንጭቀው ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ፤ ጫት በሌለበት ጉንጭ በኩል። ጣታቸውን አውጥተው "ትኩሳት አለው" አሉ። ለመሳቅ የደፈረ ሰው አልነበረም።

ተመልሰው ተቀመጡና ለመካኒኩ ሥራውን ያስተምሩት ጀመር። "ባልና ሚስት ሲጣሉ እኛ ምን እናደርጋለን? ሚስትየዋን ወደ ዘመድ ቤት እንልካለን። ቤቱ ጸጥ ካለ ነገሩ እሷ ጋ ነው። እሷ ሄዳም ጩኸቱ ካልቆመ አማትየዋ ናት። ይህን የሚያለቅሰውን ከሞተሩ ለየው።"

መካኒኩ ፊቱ ላይ ፈገግታ ቢጤ እያለፈ ፓምፑን የሚያዞረውን ቺንጋ ፈታና ሞተሩን አስነሳ። ሞተሩ ተነሳ፤ ልቅሶው የለም። ሦስት ጋራዥ ዞራ ይህን ያደረገላት ሰው አልነበረም።

"እንግዲህ የሚያለቅሰው እሱ ራሱ ነው" አሉ።

ጎረቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። "አባባ፣ ይህንንማ እናውቃለን። ለዚሁ ብለን በሌላ ቀየርነው እኮ።"

"አቦ!" አሉ ሽማግሌው። "ሚስትህ አለቀሰች፣ ፈታሃት። ሌላ አገባህ፣ እሷም አለቀሰች። ሦስተኛ ልታገባ ነው? ቤትህን እየው እንጂ። የሚያለቅስ ሁሉ በደለኛ ነው ያለህ ማን ነው?" ወደ መካኒኩ ዞሩ። "ምንድነው የሚጠጣው?"

"ዘይት፣ አባባ።"

"ከየት?"

መካኒኩ ከፓምፑ ከፍ ብላ የተቀመጠችውን የዘይት ማጠራቀሚያ አሳያቸው።

"ፍታና ገልብጣት።"

"ዘይቷ ንጹሕ ነው፤ ዛሬ ጠዋት እኔው ራሴ ነኝ የቀየርኩላት።"

"ስለ ዘይቱ አልጠየቅሁህም። ምንጩ ጥሩ ቢሆንም አፉ ላይ ቅጠል ከተኛበት ጥጃው በጥም ያልቃል። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ትሉ የለም በአማርኛችሁ?"

በዚያ ግቢ አማርኛ የእናቱ ቋንቋ የሆነ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም ግን እንላለን አልን።

መካኒኩ እያጉረመረመ ቱቦዎቹን ነቀለ፣ ማጠራቀሚያዋን ፈታ፣ ሰፋ ባለ ሳፋ ላይ ገለበጣት። ዘይት ወረደ። ነቀነቃት፤ ምንም የለም። ጎኗን መታ መታ ሲያደርጋት አንድ የተጨማደደ ነገር ከሥሯ ተላቀቀና ዘፍ አለ። በፒንሳ አንስቶ ወደ ብርሃን ያዘው። ከዚያ ማጉረምረሙ ጠፋና ድምፁ የሰው ሆነ። ሞተሩ ሲሠራ ፓምፑ ዘይት ይስባል፣ ሲስብ ይህ ነገር ሄዶ መውጫው ቀዳዳ ላይ ይለጠፋል፣ ፓምፑ በዘይት ፈንታ አየር ይውጣል። ለዚህ ነው የሚያለቅሰው፣ ለዚህ ነው ዘይቱ አረፋ የሚደፍቀው፣ ለዚህ ነው የሚግለው። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ይላቀቅና ቆሻሻ ውስጥ ይተኛል፤ ከላይ ያየ ሰው አያገኘውም።

"ምንድነው እሱ?" አሉ ሽማግሌው።

"ቁራጭ ነገር ነው። በደሳ ዘይት ሲሞሉላት ይሆናል የጣሉባት።"

ጉባኤው በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። የበደሳው መካኒክ በቦታው አልነበረም፤ ለጥፋተኝነት እንደሌለ ሰው የሚመች የለም። ጎረቤቴ ቁራጩን ከፒንሳው ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ጠረግ ጠረግ አደረገና አየው። እኔም ከተቀመጥኩበት አየሁት።

የስኳር ጆንያ ነበር፤ ያ ከላስቲክ ክር የሚሸመነው። ሁለት አረንጓዴ መስመር ሙሉ፣ ሦስተኛው ግማሹ ተቆርጦ ይታያል።

ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሸቀጣችን በአንድ ጭነት መኪና ተደባልቆ ነው የሚመጣው። ስለዚህ እዚህ ያለ ነጋዴ ሁሉ በጆንያው ላይ የራሱን ምልክት ያስቀባል። አንዱ ክብ፣ አንዱ ኮከብ። ሦስት አረንጓዴ መስመር የአባቴ ምልክት ነው፤ አሁን የእኔ። ያኔ ነው የመቻራው መንገድ ትዝ ያለኝ። ሁለት ክረምት አልፎታል። የማጠራቀሚያዋ ክዳን ጎማ ተበልቶ ዘይቱ በየጉድጓዱ እየተረጨ ሲያስቸግረኝ፣ ከስኳር ጆንያ ጫፍ ቆርጬ፣ ሁለት አጥፌ፣ ከክዳኑ ሥር ወትፌ ግጥም አድርጌ ዘጋሁት። ዘይቱ አልረጨም። በብልኀቴ ተደስቼ ብቻዬን እየዘፈንኩ ጭሮ ገባሁ፤ በማግስቱም ረሳሁት። የጆንያዋ ቁራጭ ግን አልረሳችኝም። ቀስ በቀስ ተተልትላ፣ ወደ ዘይቱ ወርዳ፣ ሰው ልትገድል ኩኒ ድረስ ሄደች።

አልዋሽም፤ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። አንድም ሰው አልጠረጠረም። ዝም ካልኩ ነገሩ በደሳ ላይ ተቀብሮ ይቀራል። ምላሴን በጫት ሸፍኜ ማኘክ ቀጠልኩ፤ እንዲያውም ቅጠል መረጥኩ።

ጎረቤቴ ተነሳ። ምንጣፉን አቋርጦ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

"ያ ጀመዓ" አለ ለተሰበሰበው ሁሉ። "ወንድሜን ጠርጥሬዋለሁ። በበሩ እያለፍኩ ሰላምታ ነፍጌዋለሁ። በረመዳን እንኳን ቤቴ የተጠበሰ ሳምቡሳ ቤቱ እንዳይገባ አድርጌያለሁ።" ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ። "አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።"

ሰውዬው ቢሰድበኝ እችለው ነበር፤ ስድቡን ከእናቱ ጀምሮ ለምጄዋለሁ። ይህን ግን አልቻልኩም። ጫቱ አፌ ውስጥ ጭቃ ሆነብኝ፤ ዞር ብዬ ተፋሁት።

"ጆንያው የእኔ ነው" አልኩ። "የወተፍኩት እኔ ነኝ፤ መቻራ መንገድ ላይ። ስሸጥልህ አላወቅሁም፣ ረስቼው ነበር፤ ግን እኔ ነኝ። ኩኒ ላይ ልገድልህ የነበርኩት እኔ ነኝ።"

ሦስቱም ሽማግሌዎች ማኘካቸውን አቆሙ። ጎረቤቴ ግን የተገረመ አይመስልም። ቁራጩን አሁንም በእጁ ይዞታል። መዳፉን ከፍቶ አሳየኝ።

"ሦስት መስመር" አለ። "አባትህ ሱቅ በር ላይ ስንጫወት የምንቀመጥበት ጆንያ። ገና ከሳፋው ሲወጣ ነው ያወቅሁት።"

"ካወቅህ ታዲያ ለምን አፉ በለኝ አልከኝ?"

"ትናገር እንደሆነ ልይ ብዬ።"

"ባልናገርስ?"

"መኪናዋንማ አልተዋትም። የምተወው አንተን ነበር።"

ሽማግሌው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩና እጃቸውን ወደ ጫቱ ሰደዱ። "እናንተው ጨርሳችሁታል፣ እኔን ምን ልሁን ብላችሁ ከመሰላ አመጣችሁኝ?" አሉ። ቀጥለው የተቃጠለ ጣታቸውን እያዩ ፈረዱ። ለመኪናዋ ደህና ክዳን ከነጎማው እኔው ፈልጌ እንዳመጣ፤ ክዳኑ እስኪመጣ ደግሞ ጆንያ ይዤ ወደዚያች መኪና እንዳልቀርብ። ሚስቴ ወሬው ሲደርሳት የሳቀችው ሳቅ ግድግዳውን አልፎ ሄደ፤ ከወዲያ ማዶም ሚስቱ መለሰችላት።

አሁን መኪናዋ አታለቅስም። መሪዋ በአንድ ጣት ይዞራል፤ ዳገቱን ስትወጣ ድምፅዋ አይሰማም። ስለዚህም ስትመጣ አላውቅም። ማለዳ ማለዳ ስኳር እየመዘንኩ ድንገት ጲጵ ጲጵ ይልብኛል፣ እደነግጣለሁ፣ ስኳሩ ይደፋል፣ ደንበኛዬ ይስቃል። እኔም እንደ ድሮው እጄን አነሳለታለሁ። አሁን ግን ቀና ብዬ ነው።